የኮሪደሩ ተከላካይ

መርፌ በቅርጫት ኳስ ክለቡ ምርጫ ቀን ሦስት ጊዜ ኳስ ተነጠቀች። ሦስቱንም ጊዜ የነጠቀቻት አንዲት ተከላካይ ነበረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ደግሞ ኳሱ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ገና መሀል መንገድ ላይ ሳለ ነው እጇን ልካ የወሰደችባት። ማንም ተጫዋች ይነጠቃል፣ ይሄ ብቻውን የሚያስለቅስ ነገር አይደለም። የዚያን ቀኑን ከሌላው የሚለየው ነገሩ የተበላሸው ሜዳ ላይ አለመሆኑ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሷ በሌለችበት፣ በገዛ ቤቷ የፊት ክፍል ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተበላሽቶ አልቆ ነበር።

ጠዋቱ ግን እንደሌላው ጠዋት ሁሉ እናቷን በማንሳት ተጀመረ። እናታቸውን ከአልጋ ማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። የዛሬ ሁለት ዓመት የደም ግፊት ጥሏት የቀኝ ጎኗ ከከዳት ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ይህን ሥራ በቀን አራት ጊዜ ይሠሩታል፤ ጠዋት ወደ ወንበሩ፣ ከምሳ በኋላ ወደ አልጋው፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ወደ ወንበሩ፣ ከእራት በኋላ ተመልሶ ወደ አልጋው። መርፌ በቀኝ፣ ታላቅ እህቷ በግራ ሆነው ክንዳቸውን በብብቷ ሥር ያሳልፋሉ። እህቷ «አንድ፣ ሁለት» ብላ ትቆጥራለች። «ሁለት» ላይ ሁለቱም እኩል በአፍንጫቸው አየር ይስባሉ። ሦስት የሚባል ነገር የለም፤ ሦስተኛው ማንሳቱ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መርፌ ለጨዋታ ራቅ ያለ ሰፈር ሄዳ ስትዘገይ፣ እህቷ ብቻዋን ሞክራ ነበር። መርፌ ስትመለስ ሁለቱንም ወለሉ ላይ አገኘቻቸው። እህቷ የእናታቸውን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ፣ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆዩ መርፌ አልጠየቀችም፣ እህቷም አልተናገረችም። የተተከሉትን ቁልፎች ግን መርፌ በዓይኗ ቆጥራቸዋለች፤ አራት ሸሚዝ ሙሉ ነበሩ።

ከወደቀች ወዲህ ለእናታቸው የተረፈላት አንድ ቃል ነው፤ «እሺ»። ውሃ ስትፈልግ እሺ ትላለች፣ ስትቆጣም እሺ ትላለች፣ ሬዲዮኑን ዝጉልኝ ለማለትም እሺ ነው። ሐኪሙ እንዲህ ዓይነት ነገር የዕድል ጉዳይ እንደሆነ፣ ለአንዳንዱ በሽተኛ የሚተርፍለት ስድብ ብቻ እንደሆነ ሲነግራቸው፣ እህቷ ለእኛስ ጨዋዋ ደርሳናለች ብላ ሐኪሙን አስቃዋለች። እቤት ሲመለሱ ግን ኩሽና ገብታ የቧንቧውን ውሃ ለረጅም ጊዜ ከፍታ ተወችው። አሁን ሁለቱም የእናታቸውን እሺዎች አንዱን ከአንዱ ይለያሉ፤ ረዥሙን፣ አጭሩን፣ በጥያቄ የሚያልቀውን፣ ጥርስ ተነክሶበት የሚወጣውን። የዚያን ጠዋት የወጣው ረዥሙና ለስላሳው ነበር፤ ደህናዋ እጇ የመርፌን የስፖርት ልብስ ክንድ ይዛ ቆይታ ለቀቀችው።

መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈሩ ሜዳ ጓደኞቿ ናቸው፤ ግማሾቹ ቅጥነቷን፣ ግማሾቹ የእህቷን ሙያ፣ የቀሩት ደግሞ ሰው በማያልፍበት ክፍተት ማለፏን አይተው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በሌላ ከተማ ያለው ክለብ በየሁለት ዓመቱ አራት ተጫዋች ይመርጣል፤ ለተመረጡት አልጋ፣ ደሞዝና በክለቡ ማኅተም የተመታ ውል ይሰጣል፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ ግን አይወስድም። ስለዚህ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ይህን እቤት ያለ ሁሉ ያውቃል። ከተመረጠች እናታቸውን ከእህቷ ጋር ማን እንደሚያነሳ ግን በዚያ ቤት አንድም ቀን ያልተነሳ ጥያቄ ነው። ምዝገባው ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ሁለቱ እህትማማቾች ጥያቄውን እንደተሰነጠቀ የወለል ሰድር እየተሻገሩት ኖሩ።

ቁርስ ላይ ያወሩት ስለ ክር ነው። እህቷ ጥቁሩ ክር እንደገና መወደዱን፣ ነጋዴው ደግሞ ያለ ኀፍረት ዓይኗን እያየ ዋጋውን እንደነገራት ተናገረች። ከዚያ የመርፌን ማልያ ከወንበሩ ጀርባ አንስታ ዘርግታ አየችውና ዘጠኝ ቁጥሩን በድርብ ክር እንደሰፋችው፣ ማንም ቢጎትታት እንደማይላቀቅ ነገረቻት። ስታወራ አፏ በአንድ በኩል ብቻ ይከፈታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በሌላው በኩል ስፒል ይዛ መሥራት ስለለመደች ስፒል በሌለበትም እንደዚያው ነው የምታወራው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አግብታ አታውቅም፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ካለ ልኬ ጠፍቶ ነው ትላለች።

መርፌ ደረጃውን ስትወርድ ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመው ነበር። ለሁለት ዓመት የኳስ ድምፅ ጣሪያቸውን ሲነርትባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ አካባቢ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ይመቱ ነበር፣ በኋላ ግን ምቱን ለመዱትና ኳሱ ካልተሰማ መጥተው በሩን የሚያንኳኩ ሆኑ።

«ዛሬ ነው አሉ፤» አሏት። «በይ ሂጂና የእነሱን ወለል ናጪ። እስቲ የእኔ ጣሪያ አንድ ቀን ይረፍ።»

እሺ አባባ ብላ ስቃ ወጣች።

ኳስ ማንጠር የተማረችው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም። እናቷ ከወደቀች በኋላ የማታው ልምምድ ቀረባት፤ ስለዚህ ኳሱ ወደ ቤት ገባ። ከፊት ክፍል ወደ እናታቸው ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ሰባት እርምጃ ይረዝማል፣ ስፋቱ እጅ ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ያስነካል። እህቷ ሥራዋን ስትጨርስ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደሰቀለች ኮሪደሩ መሀል ትቆማለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ እጆቿን ትዘረጋለች። እድሜዋን ሙሉ ኳስ ነክታ አታውቅም። ሰውነት ግን ታውቃለች፤ ትከሻ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ዳሌ ከእግር ቀድሞ እንደሚዞር፣ ሰው ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ ሲል የትኛው ጎኑ ዝቅ እንደሚል ሃያ ዓመት ሙሉ ስትለካ ኖራለች። ከሁሉም አሰልጣኞች በፊት ትልቁን ነገር የነገረቻት እሷ ናት። ተከላካይ በር ናት አለቻት። አንዱን እግሯን ሁልጊዜ ታስቀድማለች፤ የኋላው እግር ማጠፊያው ነው፣ የፊተኛው የመዝጊያው ጫፍ። በፊተኛው እግር በኩል ከሄድሽባት ሰውነቷን ሙሉ እንደ በር አዙራ እስክትመልሰው ድረስ አልፈሻታል። ከዚያ ወዲህ መርፌ የማንንም ፊት አይታ አታውቅም፤ እግር ነው የምታየው።

ለእያንዳንዱ ማታለያ የቤት ስም አወጡለት። ሮጣ መጥታ ልትቆም እንደሆነ አስመስላ ቀና ብላ ተመልሳ የምትፈተለከው «እንግዳ» ነው፤ በር ላይ ደርሶ ልግባ አልግባ እንደሚል ሰው። ኳሱን በጀርባዋ አዙራ የምታሳልፈው «ጓሮ» ነው። ኳሱን ከጉልበት በታች ዝቅ አድርጋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የምታሻግረውና እውነተኛውን መንገድ የምትከፍትበት «በር» ነው። እንግዳና ጓሮ ለማደናገር ናቸው፣ በር ለማለፍ። መርፌ እነዚህን ሦስቱን አጣምራ በሰፈሩ ሜዳ ያላለፈቻት ተከላካይ የለችም። እህቷን ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልፋት አታውቅም። እንግዳውን ስታሳያት እህቷ አትነቃነቅም፣ ጓሮውን ስታሳያት አትነቃነቅም፣ በሩን ስትከፍት ግን እጇ እዚያው ነው። መርፌ ኮሪደሩ ስለጠበበ ነው ብላ አስባ ትስቅ ነበር።

አዳራሹ አሮጌ ነው፤ የእንጨት ወለሉ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፁ ስለሞተ ኳሱ ሲያርፍበት ከሚጠበቀው ዝቅ ብሎ ይነሳል። መርፌ በማሟሟቂያው ሰዓት እነዚህን ቦታዎች በጫማዋ ጫፍ እየዳበሰች ለየቻቸው። አርባ ያህል ልጆች ነበሩ። አሰልጣኟ አጠር ያለች፣ ጉልበቷ ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያላት፣ ፊሽካዋን ነፍታ የማትጨርስ ሴት ናት፤ ግማሽ ትነፋና ግማሹን በዓይኗ ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ አንድ ለአንድ አጫወተቻቸው። መርፌ ሁለት ተከላካዮችን በተከታታይ አለፈች። አንደኛዋ በእንግዳው ተታልላ ቆማ ቀረች፣ ሁለተኛዋ የራሷ እግር ጠልፏት ቁጭ አለች፤ ልጆቹ ሳቁ፣ አሰልጣኟ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። መርፌ ስትጽፍ አየቻት። ከዚያ ቅጽበት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ክለቡ የሚሰጠውን አልጋ አስባዋለች፤ አንሶላውን፣ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ቁም ሳጥን፣ ቁልፉን።

ሦስተኛዋ ግንቧ ነበረች። ግንቧ የሚሏት ስፋቷንና ዝምታዋን አይተው ነው፤ በእውነቱ ግን ፈጣን አይደለችም፣ መርፌ ባለፈው ዓመት በሰፈር ጨዋታ ደጋግማ አልፋታለች። ስለዚህ ሳትቸኩል መጣች። የግንቧ ቀኝ እግር ቀድሟል፣ በሩ በዚያ በኩል ነው። እንግዳውን አሳየቻት፤ ግንቧ ንቅንቅ አላለችም። ጓሮውን አሳየቻት፤ አሁንም ንቅንቅ የለም፣ ዓይኗም ኳሱ ላይ አልነበረም፣ የመርፌ ፊት ላይ ነበር። መርፌ በሩን ከፈተች። ኳሱ መሀል ላይ ሳለ ጠፋ። ሁለተኛው ጊዜ ፍጥነቷን ጨመረች፣ ዝቅ አለች፤ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ጊዜ በግራ ጀምራ ወደ ቀኝ ገለበጠችው፤ የግንቧ እጅ እዚያ ቀድሞ ደርሶ ነበር፣ ልክ ሰው ሊቀበል እንደሚጠብቅ እጅ፣ ያለ ችኮላ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ከሁሉም የከፋው ይህ መሆኑ ለመርፌ ያኔውኑ ገባት።

ስሞቹ ሲነበቡ የግንቧ ሦስተኛ ነበር። የመርፌ አልነበረም። አሰልጣኟ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ በጣቷ ጠራቻት፤ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ እየከተተች፣ እጅሽ ከአራቱም ይሻላል፣ ግን ሰው አንብቦሽ ጨርሷል፣ ምን እንደሚያነብ እኔም ከዚህ ሆኜ አልታየኝም አለቻት። ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች።

«አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ በር ይነሳል፤» አለች። «ሦስት ወር ከእነሱ ጋር መለማመድ ትችያለሽ። ደሞዝ የለሽም። አልጋም የለሽም፤ የኳስ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ፍራሽ አለ። ቃል አልገባልሽም። ከመጣሽ መጣሽ፣ ከቀረሽ አልፈርድብሽም።»

መርፌ አመሰገነች። አልመጣም ለማለት አፏን ከፍታ ነበር፤ የከለከላት ጨዋነት ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ እናቷን ከአልጋ ወደ ወንበር የምታነሳ እሷ ናት፣ ሌላ ማን አለ። ይህን እያሰበች ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች። ከቁም ሳጥኖቹ በስተጀርባ ግንቧ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ጫማ እየፈታች ታወራ ነበር፤ ደስታ ሰውን ለፍላፊ ያደርገዋልና የዚያን ቀን ዝምታዋን ጥላዋለች። ጓደኛዋ እንዴት አድርገሽ ያዝሻት ብላ ጠየቀቻት።

«እህቷ ናት የነገረችኝ፤» አለች ግንቧ። «ልብስ ሰፊዋ። ማልያዬን ላስጠብብ ሄጄ እያወራን፣ አንቺ ደግሞ ያቺን ልጅ አትፍሪያት አለችኝ። የውሸቱን ስትሠራ አትተነፍስም፣ እውነቱን ልትሠራ ስትል ግን በአፍንጫዋ አየር ትስባለች። ስትስብ ሳትጠብቂ መሀል ላይ እጅሽን ላኪ። በቃ።»

ጓደኛዋ ኧረ በናትሽ፣ የገዛ እህቷ አለች። ግንቧም እኔን ምን አገባኝ፣ ተጣልተው ይሆናል ብላ ጫማዋን ቦርሳ ውስጥ ወረወረች። መርፌ ከቁም ሳጥኑ ማዶ ማልያዋን ግማሽ አውልቃ፣ ጨርቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመች። በአፍንጫዋ አየር ሳበች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲህ እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ከየት እንዳመጣችው ግን ወዲያው አወቀች፤ አንድ፣ ሁለት።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በእግሯ ሄደችው። የሚያናድዳት ነገር መነገሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እህቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሪደሩ ውስጥ እጇን ዘርግታ ስትቆም ያንን ትንፋሽ ትሰማው ነበር። ክርንሽን ዝቅ አድርጊ ብላታለች፣ አታጎንብሺ ብላታለች፣ አውራ ጣትሽ ይታጠፋል እስከማለት ድረስ አርማታለች። ትንፋሹን ግን ለራሷ አስቀመጠችው። እህቷን ያላለፈቻት ኮሪደሩ ጠቦ አልነበረም።

እቤት ስትደርስ እህቷ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ ታጥፍ ነበር። ቀና ሳትል እንዴት ሆነ አለቻት። መርፌ አልተመረጥኩም አለች። የመኪናው ድምፅ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ፣ እንደገና ቆመ። እህቷ ሾርባው እንዳልቀዘቀዘ፣ እናታቸው ምሳዋን በልታ እሷን ስትጠብቅ ወገቧ እንደደከመ ነገረቻት። ማን ተከላከለሽ ብላ አልጠየቀችም። ሌላ ጊዜ ከሜዳ ስትመለስ መጀመሪያ የምትጠይቃት እሱን ነበር፤ የሷ ቁመት ስንት ነው፣ የትኛው እግሯ ነው የሚቀድም ብላ አሰልችታ ትጠይቃታለች። መርፌ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ያንን ጥያቄ ጠበቀች። እህቷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ተነሳች።

«ነይ እናስተኛት፤» አለች።

በለመዱት ቦታ ቆሙ። እናታቸው ከአንዷ ወደ አንዷ አይታ በጥያቄ የሚያልቀውን እሺ አለች። ክንዳቸውን አሳለፉ። እህቷ «አንድ፣ ሁለት» አለች። መርፌ አልተነፈሰችም። ያለ ትንፋሽ የተነሳው ክንዷ ከእህቷ ቀድሞ ሄደ፣ እናታቸው ወደ ግራ አዘነበለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ በጎኗ አረፈች፤ እንደምንም ገፍተው አስገቧት እንጂ ለጥቂት ነበር። ራሷ ከትራሱ ወርዶ፣ ጠማማ ሆና ተኛች። እህቷ አልጋው ላይ እንዳጎነበሰች መርፌን አየቻት።

«አልተነፈስሽም፤» አለቻት።

«አዎ።»

እህቷ ቀስ ብላ ቀና አለች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ እጇ ላይ ምንም አልነበረም። ያቺ ልጅ ነገረችሽ አለች፤ እንደ ጥያቄ አልነበረም። መርፌ ነግራኝ ሳይሆን ስታወራ ሰምቼ ነው አለች። መርፌ እህቷ አምልጦኝ ነው እንድትላት ጠበቀች። አምልጦኝ ነው ብትላት ባታምናትም እንደምትቀበላት ታውቅ ነበር፤ እንዲያውም ለመቀበል ተዘጋጅታ ነው የቆመችው።

«አምልጦኝ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሚጣ፤» አለች እህቷ። «ልጅቷን ስለካ አፌ ስፒል ሞልቶት ነበር። እንዲያ ሆኖ ማውራት ይከብዳል። አንድ በአንድ አውጥቼ የስፒሎቹ ትራስ ላይ ሰካኋቸው። ከዚያ ነው የነገርኳት።»

«አትሂጂ ብትዪኝኮ እቀር ነበር፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ስንት ዓመት ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር፣ አስቀረችኝ እያልሽ።» አፏ በአንድ በኩል እንደተዘጋ ነው። «ሳይሳካልሽ ስትቀሪ ግን የማንም ጥፋት አይሆንም ብዬ።»

ከሁሉ የከፋው መርፌ እህቷን መረዳቷ ነበር። እሷም በዚያ ወለል ላይ የተተከሉትን ቁልፎች ቆጥራለች። እህቷ ክፉ ሰው ብትሆን፣ ቀናተኛ ብትሆን፣ ሌላው ቢቀር ብትጮህ ኖሮ መንገዱ ይቀልላት ነበር። ሰዓቱ ከዘጠኝ ተኩል አልፏል። አሰልጣኟ ያለቻትን መርፌ በአጭሩ ነገረቻት፤ አውቶቡሱን፣ መጋዘኑን፣ ፍራሹን፣ ቃል አለመግባቷን፤ በመጨረሻም እሄዳለሁ አለቻት። እህቷ ለፍራሽ ነው አለች፣ ለሌላ ሰው ኳስ ለማቀበል ነው፣ ለዚያ ነው። መርፌ አዎ ለዚያ ነው አለች። እህቷ ማታስ አለች። ማታ የሚለው ቃል ሲወጣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ክር ዋጋ የምታወራበት ድምፅ ነበር።

መርፌ ጡረተኛውን ልትል አስባ የወገባቸውን ሕመም አስታወሰች። ነርስ ልትል አስባ ደሞዝ እንደሌላት አስታወሰች። ሄዳ ልብሶቿን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፤ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሹራብ፣ ፎጣ፣ ዘጠኝ ቁጥሩን። ማልያውን ስታጥፍ ድርብ ክሩን በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ አልተላቀቀም። ኳሱን ከአልጋው ሥር አወጣችና ትንሽ ይዛው ቆይታ መልሳ አስገባችው።

እናቷ ክፍል ገብታ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። እማዬ፣ ልሄድ ነው አለቻት፤ የት እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ነገረቻት። እናቷ እንደተጣመመች ከታች ወደ ላይ አየቻት። ይህች ሴት በዚያ ቀን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በዚህችው ክፍል ሆና የፊት ክፍሉን ወሬ ሁሉ ሰምታለች፤ መርፌ ይህን ያሰበችው ገና አሁን ነው። ከሜዳ ስትመለስ እናቷ ክንዷን ይዛ ደጋግማ እሺ እሺ ያለቻት፣ እሷም ውሃ ነው ብላ ውሃ ያጠጣቻት ቀን ትዝ አላት።

«እሺ፤» አለች እናቷ።

መርፌ ሁሉንም እሺ ታውቃለች። ይሄኛውን አላወቀችውም።

ስትወጣ እህቷ ኮሪደሩ መሀል ቆማለች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። ጉልበቷ ታጥፏል፣ እጆቿ ተዘርግተው ሁለቱንም ግድግዳ ነክተዋል፤ ቀኝ እግሯ ቀድሟል። ቀልድ አልነበረም። ከጀርባዋ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የፊት ክፍሉ፣ ከዚያ የውጭው በር ይታያል። መርፌ እትዬ አሳልፊኝ አለቻት። እህቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ሞልቷል፣ እጇን ግን ለመጥረግ አላነሳችውም፣ ካነሳችው ክፍተት ይሆናል።

መርፌ ቦርሳውን በቀኝ እጇ ይዛለች። ሄደች። መጀመሪያ ልትቆም እንደሆነ ቀና አለች፤ እህቷ ንቅንቅ አላለችም። ቦርሳውን ከጀርባዋ አዙራ ወደ ግራ እጇ አሳየች፤ ንቅንቅ የለም። እህቷ የምታየው ፊቷን ነበር፣ የምትጠብቀው አፍንጫዋን ነበር። መርፌ አየሩን ደረቷ ውስጥ እንደያዘች ዝቅ ብላ ቦርሳውን ከጉልበቷ በታች አሻገረችውና በቀደመው እግር በኩል ገባች። ትከሻዋ ግድግዳውን ፋቀ፣ የእህቷ ቀሚስ ክንዷን ነካው፣ ከዚያ ከፊቷ ማንም አልነበረም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እህቷ ተሸንፋ ይሁን ለቃት አላወቀችም፤ ዞራ ብታያት ኖሮ ምናልባት ታውቅ ነበር። አልዞረችም።

በፊት ክፍሉ ስታልፍ መጋረጃው መኪናው ላይ እንደተሰካ ነው። የውጭውን በር ከፈተች። ከኋላዋ፣ ከዳር ክፍል፣ እናቷ እሺ ስትል ተሰማት፤ ይሄኛው የታወቀ ነበር፣ ተጣምሜያለሁ አስተካክሉኝ የሚለው። የእህቷ እርምጃ ኮሪደሩን ይዞ ወደዚያ ሄደ። አልጋው ሲንቋቋ፣ ትራሱ ሲጎተት ተሰማ።

«አንድ፤» አለች እህቷ። «ሁለት።»

መርፌ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ሳታስበው፣ በአፍንጫዋ አየር ሳበች። ከዚያ ወጣችና በሩን ዘጋችው።